ጥርሷን ከቆጠራችሁ እንባዋንም ቁጠሩ

«የሐዘን ፊልም አታምጣብን፤ ሐዘን እንደሆነ በየቤታችን ሞልቷል» አለኝ አንዱ፣ ገና የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን ከማለቴ።

በየቤታችሁ መሙላቱን መች አጣሁት! ክፋቱ በየቤቱ እንደተዘጋበት መቅረቱ ነው። ጎረቤትህ ሰው ሲሞትበት ድንኳን የምትተክልለት ቤቱ ስለጠበበ ብቻ ነው? ሐዘኑ ደጅ ወጥቶ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው፣ ሟቹን በመልክ የማያውቀው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ገብቶ እንዲቀመጥ ነው እንጂ። ጥሩ የሐዘን ፊልምም ድንኳን ነው። መብራት ይጠፋል፤ የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ በጤዛው አንበርብር አሳቦ ለወንድሙ፣ በአዛኑ አሳቦ ለልጁ ያለቅሳል፤ ሲወጣ «ለማን ነው ያለቀስከው?» የሚለው የለም።

«እና ብር ከፍዬ ላልቅስ? ፊልም መዝናኛ ነው!»

ለቅሶ ቤት አምሽተህ አታውቅማ! ድንኳኑ ጥግ ካርታ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? በሦስተኛው ቀን የሟችን ጨዋታ እያነሣ ሐዘንተኛዋን የሚያሥቃት ማን ነው? ንፍሮ እየዘገኑ ሲተራረቡ የሚያድሩትስ? ለቅሶ ቤት ሣቅ ሲመጣ ነውር ካልሆነ ሲኒማ ቤት እንባ ሲመጣ ምን አስደነገጠህ? ለሣቅህ ከከፈልክ ለእንባህም ክፈል፤ ሁለቱም ያንተው ናቸው።

«ይሁን፤ ግን ጤዛ የፖለቲካ ፊልም ነው። ምኑን አይተህ የፍቅር ፊልም ነው አልክ?» ይህን ያሉኝ አንድ የታሪክ መምህር ናቸው። ስለማከብራቸው ረዘም አድርጌ መለስኩላቸው።

ጋሼ፣ ደርግ በር ሰብሮ ሲገባ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ ለየ? ፖለቲካው ጓዳ ድረስ ከዘለቀ ፍቅሩ የት ሄዶ ይቀመጥ? የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ፊልም የሚነግረን የአንድ ሰው መመለስ ነው። አንበርብር ሕክምና ሊማር ጀርመን ይሄዳል። አገሬ ተለወጠች ብሎ ይመለሳል፤ ደርግ ይቀበለዋል፤ ወዳጁን ተስፋዬን ያጣል። ዳግመኛ ጀርመን ሲሄድ ዘረኞች ደብድበው አንድ እግሩን ያሳጡታል። በደርግ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ጣና ዳር ያለችው መንደሩ ሲገባ እግሩን እንዴት እንዳጣ እንኳ አያስታውስም። የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ተደብቀዋል። እናቲቱ «ልጄ ተለክፎ ይሆናል» ብለው ጠበል ይወስዱታል። ሌሊቱን በቅዠት ይባንናል።

እዚያው ጎጆ ውስጥ አዛኑ አለች። ጨቅላዋን ገደለች ተብላ መንደሩ ያገለላት፣ የአንበርብር እናት ግን ያስጠጓት ሴት ናት። እግሩን ያጣ ሰውና ልጇን ያጣች ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር ይከርማሉ። አንዱ ሌላውን ሊያስረሳ አልመጣም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሙታን እንደተሸከመ ወደ ሌላው ይጠጋል። ጋሼ፣ ይህ ፍቅር ካልሆነ ፍቅር የሚባለው ምኑ ነው? ሁለት ምንም ያልጎደላቸው ሰዎች ቢፋቀሩማ ማን ይደነቃል! ደስ ይላቸዋል፣ ይጋባሉ፣ አለቀ። የሚደንቀው ሁሉን የተነጠቀ ሰው እንደገና «እስቲ እጅሽን» ለማለት የሚያበቃ አቅም ማግኘቱ ነው።

መምህሩ ዝም አሉ። አንዲት እማማ ግን ከጎን ሆነው ሲሰሙ ነበርና አልተዉኝም።

«ልጇን የገደለች ሴት ፍቅር ይገባታል?»

እማማ፣ ፍርዱን ለፈራጁ እንተውለት። እርስዎ ቤት ብትመጣ በር ይዘጉባት ነበር? የአንበርብር እናት አልዘጉባትም። ልጃቸውን ባሕር ማዶ ልከው ስንት ዓመት መንገድ መንገድ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። ያደረገችውን ደግ አላሉላትም፤ እንጀራ ግን አልነሷትም። ይህን የሚያደርጉ እናቶች በየሰፈራችን አሉ፤ እርስዎም አንዷ ነዎት፤ ማንን ምን እንዳጎረሱ ሰፈሩ ያውቃል። መንደር ሲያወግዝ ድምፁ ብዙ ነው፤ የምታስጠጋዋ ግን ሁልጊዜ አንዲት ናት። ኃይሌ ካሜራውን ያቀረበው ወደ አንዲቷ ነው፤ ደግ አደረገ።

«ረዘመ እኮ ፊልሙ! 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማን ይቀመጣል?»

ጎንደሬ ሆነህ ይህን ትላለህ? ቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ ሟች ስንት ቀን ቆረጠች? ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለትና ሠላሳ አሉ፤ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ በመጨረሻም ሰባት ዓመት። ሐዘን በአንድ ጀንበር እንደማያልቅ የገባቸው አባቶች ናቸው ይህን የሠሩት። ጠላ ተጠምቆ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ዘመድ ከደምቢያም ከአርማጭሆም ተጠራርቶ ይመጣል። ሰባት ዓመት የሚቆጥር አገር 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ረዘመበት?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ፍትሐቱም ተዝካሩም ለሟች ነፍስ ነው። ለቋሚውስ? ሟችን በአርባው እናስበዋለን፤ በአርባው ማግሥት ባዶ አልጋ ላይ የምትነቃዋን ማን ያስባታል? ድንኳኑ ይነቀላል፣ የእድሩ ወንበር ይመለሳል፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ለቋሚ የተቆረጠ ቀን የለም። እንዲህ ያለ ፊልም የምወደው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ያለውን ስለሚያሳይ ነው።

«ይርሳውና ይኑራ! ሐዘን ሲበዛ ጤና ያጎድላል።»

ረስቶ የዳነ አሳየኝ። አንበርብር ረስቶ ነበር፤ ሕመሙም መርሳቱ ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው ሁሉን ረስቶ በሚሠቃይበት ቦታ ነው፤ እየተሻለው የሚሄደው እያስታወሰ ሲሄድ ነው። የእግሩን ነገር፣ የተስፋዬን ነገር፣ ዝም ያለውን፣ ያልተናገረውን ሁሉ አንድ ባንድ እያነሣ ነው እናቱ ቤት ሰው የሚሆነው። ጎንደርም የዚህ በሽታ ታማሚ ሆና ኖራለች፤ ይህን የምለው ከልቤ አዝኜ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ጎህ ሳይቀድ ነው። ሽማግሌው ቀድመው ገብተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ በር ላይ ይቆማሉ። ብትወድቅ ወገቧን የሚይዝ ተመድቧል፤ ራሷን ብትስት የሚረጭ ውኃ ተቀድቷል። ከዚያ ነው የሚነገራት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ደረቷን ትደቃለች፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርድላታለች፣ ሟቹን በስሙ፣ በአባቱ፣ በሙያው እየጠራች። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራ እየተሠራ ነው፦ ሞቱ እውነት መሆኑን አገር ሁሉ ይመሰክርላታል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጎንደር ይህ ሁሉ ተከልክሎ ነበር። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ክፍለ ሀገሩን በያዘበት ዘመን፣ በቀይ ሽብር፣ የልጇን ሬሳ መንገድ ላይ ያየች እናት ማልቀስ አትችልም ነበር። ከል መልበስ ወንጀል፣ ድንኳን መትከል ወንጀል። የገደሉበትን የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ አለ። ጎረቤት ሊደርስላት ቢፈልግ እንኳ ራሱን ያስገምታል። ትራሷን ነክሳ አድራ፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ገበያ ወጣች። መርዶ ነጋሪ የለ፣ አልቃሽ የለ፣ ሣልስት የለ፣ አርባ የለ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የት እንደተቀበሩ አይታወቅም።

ጎንደር ግን አፏ ተዘግቶ አያውቅም። እንባ ሲከለከል ስንኝ አወጣች። እናቶች ልጃቸውን ለማስማር መላኩን እንዴት እንደለመኑት፣ ዳግመኛ አንወልድም ብለው እስከ መማል እንደደረሱ የሚናገረውን ስንኝ የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ እዚህ አልጽፈውም፤ የምታውቁት በልባችሁ በሉት። ከዚያ ወደ ጤዛ መጨረሻ ተመለሱ። አዛኑ ትወልዳለች። ልጅ አጥታ የተገለለችው ሴት ያንኑ እግሩን ያጣውን ሰው ልጅ ትወልድለታለች። እሱም የመንደሩን ልጆች ያስተምራል። ያንን ስንኝ ያወጡ እናቶች ለማሉት መሐላ አንድ ጎንደሬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፊልም የመለሰላቸው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን አይቶ «የፖለቲካ ፊልም ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው አንዲት እናት ፊት ቆሞ ያንኑ ይድገምልኝ!

አሁን ደግሞ ወደ ሰፈር ወሬ።

«ባሏ በሞተ በዓመቱ ሣቀች፤ ነውር አይደለም?»

ዓመቱን ሙሉ ስታለቅስ የት ነበራችሁ? ጥርሷን ከቆጠራችሁ እንባዋንም ቁጠሩ!

«ሰው አየንባት፤ ማታ ማታ ይመጣል።»

ማታ ማታ ብቻዋን ስትሆንስ ማን መጣላት? እናንተ ብትመጡ ኖሮ እሱን ታገኙት ነበር፤ በደንብም ትተዋወቁ ነበር።

«ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።»

ጎንደር? ወደ ቁስቋም ውጡና ጠይቁ። እቴጌ ምንትዋብ፣ የቋራዋ፣ ባሏን አፄ በካፋን እ.ኤ.አ. በ1730 ቀበረች። ልጇ ኢያሱ ሕፃን ነበርና ዘውድ ደፍታ መንግሥቱን ከልጇ ጋር ያዘች። ከከተማው ምዕራብ ያለው ኮረብታ ላይ የቁስቋም ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥቷን አሠራች፤ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ፍርስራሹ ላይ ይታያሉ። ከባሏም ሞት በኋላ ወደደች። የወደደችው የባሏን የእህት ልጅ ነው፣ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ። የግቢው ሰው አፉን ሊይዝ አልቻለም፤ «ምልምል ኢያሱ» የሚል ስም አወጣለት፤ ታሪክም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራዋል። እሷ ግን ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደችለት፤ አንዷ ያቺ ዝነኛዋ ወይዘሮ አስቴር ናት።

ተርበኛው ምን አተረፈ? ስም አወጣ፣ ሣቀ፣ ሞተ። ስሙንም የሚያውቀው የለም። ሴትዮዋ ግን አገር አስተዳደረች፣ ደብር ተከለች፣ ወለደች፣ ደግሞም ቀበረች። ምልምል ኢያሱ ገደል ገብቶ ሞተ፤ ገፍተው ጣሉት የሚሉ አሉ። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሞተ። የልጅ ልጇን ኢዮአስን በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደለባት። ያው ሚካኤል ደግሞ ልጇን አስቴርን አገባ። እቴጌይቱ ቁስቋም ገብታ ተቀመጠች፤ እዚያው አረፈች፤ አጽሟም ከልጇና ከልጅ ልጇ አጽም ጋር እዚያው ነው። ስንት ጊዜ ፍቅር፣ ስንት ጊዜ ለቅሶ በአንዲት ሴት ዕድሜ! የእኛ ፊልም ሠሪዎች የፍቅር ታሪክ ፍለጋ ቱርክ ድረስ ያማትራሉ፤ ከፒያሳ የባጃጅ መንገድ ላይ ያለውን ኮረብታ ግን ቀና ብለው አላዩትም።

«እሺ፤ ግን ወንድ ከሆነ ቶሎ አግብቶ ቢረሳስ? አዲስ ትዳር ያስረሳል።»

አፄ ቴዎድሮስን ጠይቋቸዋ! ተዋበችን፣ የራስ አሊን ልጅ፣ ምን ያህል ይወዷት እንደነበር አገር ያውቃል። አባቷን ሲወጉ እሷ ከባሏ ጎን ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1858 ስትሞት ንጉሡ በሐዘን ተሰበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጠባያቸው ተለወጠ የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ማንን አገቡ? ጥሩወርቅን፣ የስሜኑን ጌታ የደጃዝማች ውቤን ልጅ። ውቤን በ1855 ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ደፍተው፣ ሰውየውን አስረው፣ በኋላ ልጁን አገቡ። አባቷን ያሰረውን ሰው ባል ያደረገች ሙሽራ ናት። ትዳሩ ለሁለቱም መከራ ሆነ። ንጉሡ የተዋበችን ሐዘን ሳይጨርሱ፣ ጥሩወርቅም የአባቷን ሐዘን እንደተሸከመች ነው አንድ ቤት የገቡት፤ አንዳቸውም የሌላውን ቁስል ለማየት ጊዜ አላገኙም። አዛኑና አንበርብር ግን ተያይተዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው። የቸኮለም የዘገየም ቀን ቆጥሬ አልፈርድበትም፤ ተያይተዋል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው።

«ጊዜ ይሽረዋል።»

ጊዜማ ያልታጠበ ቁስልንም ያመረቅዛል። የሚሽረው በዚያ ጊዜ ውስጥ የመጣ ሰው ነው።

«ሌላ ልጅ ይሰጥሻል።»

የሞተባት «ልጅ» አይደለም፤ የሞተባት ስም ያለው ልጅ ነው። መጀመሪያ ስሙን ጥራላት።

«ሞት ለማን ይቀራል!»

ለማንም። ሐዘኑም እንዲሁ ነው፤ ነገ ባንተ ሲደርስ ይህንኑ ልበልህ?

«ወንድ ልጅ አያለቅስም።»

«ላምብ»ን አይተሃል? የያሬድ ዘለቀ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠው። ኤፍሬም የሚባል ሕፃን እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ይሄዳል። ያለችው አንዲት ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ እሷንም አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፤ ከእናቱ የቀረው ሙያ ነው። አጎቱ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አገባው ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ እናቱን የሚያገኛት ድስቱ ውስጥ ከሆነ ማን ነው የሚከለክለው? አንዱ በእንባ ያዝናል፣ አንዱ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ በመውጣት። ሁለቱም ለቅሶ ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም ያልከው አንተ፣ ምናልባት እንዴት እንደሚያለቅስ አላየኸው ይሆናል።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ግን እንዲህ ያለ ፊልም ማን ገንዘብ ያወጣለታል? ስፖንሰር የለም።»

ለኃይሌስ መች ነበር? ለጤዛ ገንዘብ ሲያሰባስብ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። ምን አደረገ? ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤት እየተከራየ በየከተማው ለጥቁሩ ሕዝብ አሳየ፤ ሰው ቆሞ አየለት። ዋሽንግተን ዲሲ፣ እሱ ዕድሜውን ያስተማረበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ። ነፃ ፊልም ማለት ለእሱ ለማንም ሳያጎበድዱ መሥራት ብቻ አልነበረም፤ ፊልሙን ራስ ይዞ እስከ ተመልካቹ ደጃፍ መድረስም ነበር። ይህንንም ከአሜሪካ አልተማረውም። አባቱ ገሪማ ታፈረ፣ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት፣ ቴአትር ጽፈው በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። መብራት የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ስፖንሰር የለም፤ ተመልካች ግን ነበር።

«ማን ከቁም ነገር ቆጠረው ታዲያ?»

ጤዛን ነው? ቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ሰጠው። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ በአፍሪካ ፊልም ትልቁን ሽልማት፣ ወሰደ። የውጭ ሰው ስለሸለመው አይደለም የማደንቀው። የጎንደር ገጠር እናት ለቅሶ ዋጋዱጉም ቬኒስም ሲገባቸው፣ እኛ «ይጨንቃል» ብለን ስንዘጋው ስለሚቆጨኝ ነው።

«ጎንደርማ በየፊልሙ በየክሊፑ አለች!»

ግንቡ አለ። የፋሲል ግንብ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የስሜን ገደልና ጭላዳው አለ። ሙሽሮች አለባበሳቸውን አሳምረው ግንቡ ሥር ይነሣሉ፤ ደስ ይበላቸው። ግን ግንቡን ታነሣላችሁ፣ ግንቡን ተደግፋ የተቀመጠችውን አታነሡም። ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ሲቆም እኛ ተመልካች ነበርን፤ ታሪኩ የሌላ ሰው ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ ጎረምሳ ኪስ ካሜራ አለ። ደባርቅና ዳባት፣ ጃናሞራና በየዳ፣ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ እንጨት የሚለቅሙት፣ ገብስ የሚያጭዱት ሰዎች የሚወዱትና የሚያጡት ሰው የላቸውም? የደጋ ሰው ፍቅሩን አደባባይ አያወጣም ትሉኛላችሁ። በቃሉ አያወጣ ይሆናል። ሚስቱ ታማ ከጃናሞራ ደባርቅ ሆስፒታል ድረስ በቃሬዛ የተሸከማት ሰው ፍቅሩን አልተናገረም?

የመጨረሻው ተናጋሪ ወጣት ነው፤ ካሜራ አለው፣ ጎበዝም ነው፤ እንዲህ አለኝ።

«አሁን ጊዜው አይደለም። ቁስሉ ይድረቅ፣ አገሩ ይረጋጋ፣ ከዚያ እንሠራለን።»

ወንድሜ፣ ቀይ ሽብር ካለፈ በኋላም እንዲሁ ተባለ። ቁስሉ ይደርቃል ተብሎ ሲጠበቅ ስንቷ እናት ሳትጠየቅ ሞተች! ዳባት አጠገብ ያለችው ጭና በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በጦርነቱ ምን እንደደረሰባት ታውቃለህ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሬሳ ወጣ። ከዚያም ወዲህ አገሩ ሐዘን አላቋረጠም። አርባው ከሚቀጥለው ሰው ሣልስት ጋር የተደረበበት ቤት አለ። አንተ ቁስሉ ይድረቅ ስትል ባሏ የሞተባት ሴት ዘንድሮም ከብት ታግዳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ገበያ ትወርዳለች። አንድ ሰው እያያት ይሆናል፤ እሷም እያየችው ይሆናል፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ዓይኗን መልሳ ይሆናል። ፊልሙ ያለው እዚያ ነው።

ሂድ። ካሜራህን ደብቀህ አትግባ። መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ቡናዋን ጠጣ፣ ፈቃዷን ጠይቅ። እምቢ ካለች አመስግነህ ተመለስ። እሺ ካለችህ ግን ስለሞተባት ብቻ እንዳትጠይቃት፤ ዘንድሮ ምን እንደዘራች፣ ማን እንዳረሰላት፣ ማንን ስታይ ልቧ ደስ እንደሚለው ጠይቃት፤ መልሷንም ሳትቆርጥ ቅዳ።